ውዝዋዜ በትምህርት ቤት፦ ማስጠናት ወይስ ማስፈጠር?

በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውዝዋዜ በአብዛኛው የሚታወሰው የወላጆች ቀን ሲቃረብ ነው። መምህሩ እስክስታ የሚሆንላቸውን ጥቂት ልጆች ይመርጣል፤ የጎጃሙን፣ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን በቅደም ተከተል አስጠንቶ መድረክ ላይ ያወጣል። የቀሩት አጨብጫቢ ይሆናሉ።

ልማዱ ክፉ ባይሆንም ትምህርት ለመባል ይጎድለዋል። የተመረጠው ልጅ የሚማረው መከተልን ነው። ያልተመረጠው ደግሞ ሰውነቱ ለዚህ ነገር እንዳልተፈጠረ ገና በልጅነቱ ይደመድማል። ይህኛው ጉዳት ይከፋል፤ በየትኛውም የውጤት መዝገብ ላይ አይታይምና።

ሩዶልፍ ላባን እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ መነሻ አቅርቧል። በእርሱ አመለካከት ልጁ የተዘጋጀ እርምጃ ከሚያጠና ይልቅ የእንቅስቃሴን ባሕርያት፣ ማለትም ክብደትን፣ ጊዜን፣ ቦታንና ፍሰትን፣ በገዛ ሰውነቱ ቢመረምር ይሻላል። በዚህ መንገድ የሚሄድ መምህር «እንዲህ አድርጉ» አይልም። «ባዶ እንስራ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው እንዴት ይራመዳል? ሞልቶት ሲመለስስ?» ብሎ ይጠይቃል። 40 ልጆች 40 መልስ ይሰጣሉ። መምህሩም የአንዱን ጉልበት መታጠፍ፣ የሌላዋን አንገት መቅናት እያሳየ ስለ ክብደት ያስተምራል።

ዘዴው ባዕድ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃዋሚው ግን እስክስታን ራሱን ልብ ብሎ ያየ አይመስልም። በሠርግ ቤት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ አንዱ በትከሻው ያመጣውን ሌላው ጨምሮበት ይመልሳል፤ ቅደም ተከተል ያስጠናቸው የለም። ምልልሱን አውጥቶ በአንድነት ትከሻ መስበቅን ብቻ ያስቀረው የትምህርት ቤቱ መድረክ ነው።

የክፍል ጥበትና የተማሪ ብዛት ግን እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ላባን ሰው ከቆመበት ሳይለቅ እጅና እግሩን ዘርግቶ የሚደርስበትን ክልል ለይቶ አጥንቷል፤ ለጠባብ ክፍል የሚበጀውም ይኸው ነው። ዴስኩ ላይ እንደተቀመጠ እንኳ ልጅ በክንዱ፣ በጀርባውና በአንገቱ ብዙ መሥራት ይችላል።

ከባዱ ሥራ ያለው መምህሩ ዘንድ ነው። ራሱ በሰውነቱ እንዲመልስ ተጠይቆ የማያውቅ ሰው ልጆችን መጠየቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው የክዋኔና የእይታ ጥበባት ሥልጠና ሠልጣኙ ከወንበሩ ተነሥቶ የሚሠራበት ሰዓት ሊኖረው ይገባል። የወላጆች ቀንም አይቅር፤ ነገር ግን ሙሉው ክፍል ራሱ ያቀነባበረውን ይዞ ይውጣ፣ አጨብጫቢነቱም ለወላጆች ይተው።