ኪሎ ሜትር ደረሰኝ አይደለም

በየጥቂት ወሩ ስልካችን ላይ የሚደርስ አንድ ፖስተር አለ። ወጣቱ ሄልሜት አድርጎ ብስክሌቱን ደገፍ ብሎ ቆሟል። ከኋላው ባንዲራ። ከላይ በትልቁ «ብቻውን! በብስክሌት! ለወገን!» ይላል። ከታች በትንሹ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። እስቲ የሒሳቡን ባለቤት ስም አንብቡት። ብዙ ጊዜ የብስክሌተኛው የራሱ ስም ነው።

የምጽፈው ስለዚያች ታችኛዋ መስመር ነው። ስም አልጠራም። ፖስተሩ ብዙ ነው፤ አንዱን ነጥዬ ብመታ ሌሎቹ በደስታ ያጨበጭባሉ።

አስቀድሜ ግን ለመንገዱ የሚገባውን ልስጥ። የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ያንን ዳገት አውቀዋለሁ። ከአዳማ ተነስቶ በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራ፣ በኢተያ፣ በጎንዴ አድርጎ አሰላ የሚገባ ብስክሌተኛ ቀልድ አልሠራም። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ አዋሽን ለመሻገር ትንሽ ወረድ ይልና ከዚያ በኋላ ምሕረት የለውም፤ አሰላ ስትደርስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነህ። በቆጂ ለመድረስ ገና 56 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል፣ እዚያ ደግሞ ከፍታው 2,800 ሜትር ይጠጋል። ጭላሎ በግራህ ተጋርዶ ቆሟል። ስንዴ የጫነ አይሱዙ ክርንህን ታክኮ ያልፋል። ነፋሱንማ ተዉት፤ የአሰላ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ኢተያ አካባቢ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ካላማዳሪያ ቢፈነዳ በአቅራቢያህ ጎሚስታ ላይኖር ይችላል።

እና ላቡ እውነት ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ላቡ እውነት ስለሆነ ሒሳቡም እውነት ነው ብለን እንደመድማለን። ማን እንዳያያዛቸው እንጃ።

እኛ አርሲዎች ደግሞ ለዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ እንሸነፋለን። በእግሩ የሚደክም ሰው ስናይ ልባችን ይቀልጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር የሚለውን እየሰማን ነው ያደግነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከበቆጂ ወጥተው ዓለምን ሲያንበረክኩ አይተናል። ለእኛ ርቀት ማለት እምነት ነው። ግን እኮ ሩጫው ላይ ዳኛ ነበረ። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ስትጨርስ ሰዓት ያዥ ቆሞ ነበር። «ደክማለች፣ ሰዓቱን ተዉት» ያለ ሰው አልነበረም። ብስክሌተኛው ግን የከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ፈረሰኛ ይወጣለታል፣ ጭኮና ወተት ይቀርብለታል፣ ባለሥልጣኑ አቅፎት ፎቶ ይነሳል፣ ሕዝቡ ኪሱን ይፈታል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ከተማ ሸኝተነው እንመለሳለን። የሸኘነው ሰውየውን ነው። ብሩም አብሮ እንደሄደ ትዝ የሚለን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም ትዝ ካለን።

እድራችንን እስቲ አስቡት። አሰላ ውስጥ ያለ አንድ ተራ የሰፈር እድር ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ከባንክ ብር ለማውጣት ከአንድ በላይ ፊርማ ይጠየቃል። በዓመቱ ስብሰባ ሒሳቡ ይነበባል፤ ከለቅሶ ቤት ሳይመለስ የቀረ ብርጭቆና የተቀደደ ድንኳን ሳይቀር ያነጋግራል። ገንዘብ ያዡ ጋሼ ሠላሳ ዓመት የታመኑ ሰው ናቸው። ሌባ ብሏቸው የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ ቆመው ያነባሉ፣ ሰውም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት የታመኑት በዚያ ንባብ ነው። የኦሮሞው ቡሳ ጎኖፋም ቢሆን ከብቱ ያለቀበትን ሰው የሚያቋቁመው በጎሳ ፊት፣ ማን ምን እንደሰጠና ለማን እንደደረሰ እየታወቀ ነው። እርዳታን ከሒሳብ ጋር ማያያዝ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር አይደለም። ከአያቶቻችን ጋር የኖረውን ነገር ፖስተር ሲመጣ ነው የረሳነው።

ከውጭ የሚሰበሰበው ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ አይከፍልም። ስለዚህ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ ይከፍትለታል፤ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ጋ ነው። ከዚያስ እንዴት መጣ? በባንክ ነው ወይስ በእጅ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ ድረስ ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ፣ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይሰጥ ነበር። በዚያን ጊዜ 10,000 ዶላር የተሰበሰበለት ሰው በአንዱ በር 570,000 ብር፣ በሌላው በር ከ1,000,000 ብር በላይ ያስገባል። በእጅ አምጥቶ በባንክ ዋጋ «ይህን ያህል ሰበሰብን» ቢለን በምን እናውቃለን? ልዩነቱ የታመመው ሕፃን ነው ወይስ የአጎት ልጅ? ሰረቀ አላልኩም። ቢሰርቅ የምናውቅበት አንድም መንገድ የለም ነው ያልኩት፤ ይህ ደግሞ ከስርቆቱ በላይ ያስፈራኛል።

«ብቻውን» የምትለዋን ቃል በጣም የምንወዳት ይመስለኛል። ለመንዳት ብቻ መሆን ጥሩ ነው። ለገንዘብ ግን ብቻ መሆን ራሱ ጥፋት ነው።

ካናዳዊውን ቴሪ ፎክስን ውሰዱ። በካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ ለማቋረጥ ተነሳ። 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ላይ ሕመሙ ወደ ሳንባው ተዛምቶ አስቆመው፤ በማግሥቱ ዓመት አረፈ። ልጁ የሮጠው ብቻውን ነው። ገንዘቡ ግን ለካናዳ የካንሰር ማኅበር ነበር የሚገባው። ስሙን ለሸቀጥ ማስታወቂያ ሊያውሉት የመጡትን እንቢ አላቸው። ከያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ አንድ ዶላር ነበር የጠየቀው፤ ሳይሞት አገኘው፤ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በስሙ እስከ ዛሬ የተሰበሰበው ከ800 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያልፋል። ሰው ከአርባ ዓመት በላይ መስጠቱን ያላቆመው በላቡ ብቻ ተደንቆ አይመስለኝም።

ሌላውን ደግሞ እዩ። እንግሊዛዊው ካፒቴን ቶም ሙር እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወቅት፣ መቶኛ ዓመታቸው ሊሞላ ሲል፣ መደገፊያ እየገፉ የግቢያቸውን አትክልት ቦታ 100 ጊዜ ተመላለሱ። 1,000 ፓውንድ አገኛለሁ ብለው ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መጣ። ያ ገንዘብ ለጤና አገልግሎቱ በጎ አድራጎት ማኅበራት ገባ፤ ነቀፋ አልቀረበበትም። ጣጣው የመጣው ቤተሰቡ በስማቸው ባቋቋመው ፋውንዴሽን ነው። የአገሪቱ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ባወጣው ሪፖርት ልጃቸውና ባለቤቷ ከስሙ የግል ጥቅም እንዳገኙ ገለጸ። ከ1.4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚያወጣ የመጽሐፍ ውል ነበረ፤ ሕዝቡ ከፊሉ ለፋውንዴሽኑ ይገባል ብሎ ሲጠብቅ ወደ ቤተሰቡ ኩባንያ ገባ። ሽማግሌው ንጹሕ ሰው ነበሩ። የእሳቸው ንጽሕና ግን ከእሳቸው ወዲያ ያለውን ሒሳብ አልጠበቀውም። እዚያ ቢያንስ መርምሮ ሪፖርት የሚያወጣ ነበረ።

እኛስ ጋ? በፍሪላንስ ነው የምሠራው፤ ዜና ሸጬ ነው የምበላው። ስለዚህ የዜናውን ገበያ ከብዙዎቻችሁ ይልቅ አውቀዋለሁ። የብስክሌተኛው መነሻ ይሸጣል። መድረሻውም ይሸጣል፤ አበባ አለ፣ እንባ አለ። ሦስተኛው ዜና፣ ማለትም ከስድስት ወር በኋላ ብሩ የት ደረሰ የሚለው፣ ገዢ የለውም። ለአንድ ሚዲያ (ስሙ ይቆየን) ይህንኑ ልሥራላችሁ ብዬ ነበር። አዘጋጁ «ፎቶ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የባንክ መግለጫ ወረቀት ፎቶ አይወጣለትም።

አሁን «ምቀኛ» የምትሉኝ ትመጣላችሁ። ኑ። «እሱ ቢያንስ ነዳ፣ አንተ ምን ሠራህ?» ትላላችሁ። እኔ ብስክሌት አልነዳሁም፤ 200 ብር ግን ሰጥቻለሁ። የሰጠ ሰው ይጠይቃል። ያልሰጠም ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ነገ እንዲሰጥ ትፈልጉ የለ?

«ለመንገዱስ ምን ይብላ?» ይባላል። ይብላ! አልጋ ይያዝ፣ ጎማ ይግዛ፣ ከተሰበሰበው ላይም ቢሆን። ግን ሳይነሳ ይናገር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት እንኳ ለአስተዳደር ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ገደብ አለበት። ፔዳል የሚመታው ወንድማችን ገደቡ ስንት ነው? ሒሳቡን በተረጂው ድርጅት ስም ቢያደርገው ምን ይጎዳዋል? ድርጅት ከሌለም አንድ የእድር ሽማግሌና አንድ ነርስ አብረው ይፈርሙ። የተቀበለው ወገን «ይህን ያህል ደረሰኝ» ብሎ ማኅተም አድርጎ በዚያው ገጽ ላይ ይለጠፍ፣ ፖስተሩ በተለጠፈበት። ይህን ለማድረግ ከኢተያ እስከ አሰላ ያለውን ዳገት የሚወጣ ጉልበት አይጠይቅም፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ደግሞም መጓዝ ከወደድክ፣ ወንድሜ፣ ተጓዝ። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በቡድን የሚነዱ ፈረንጆች አገራችንን ሲያቋርጡ የኖሩት ከፍለው ነው፤ መንዳት ስለሚወዱ ነው፤ አላፈሩበትም። አገሬን በብስክሌት ማየት እፈልጋለሁ ብትል ጭኮውን አንከለክልህም። የግድ የታመመ ሕፃን ከኋላህ መጫን የለብህም።

ይህን ያህል የጮኽኩት ለብስክሌተኛው ብዬ አይደለም። አሰላ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስትቀመጡ የምትገባውን ሴት ታውቋታላችሁ። ልጇን አዝላለች። በላስቲክ የተጠቀለለ የሆስፒታል ወረቀት ይዛለች። ወረቀቱ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ ይዞራል። አንዱ ቀኑን ያያል። አንዱ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጋል። ሌላው «ይቺ ባለፈውም ነበረች» ይላል። አንዱ እንዲያውም ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ይደውላል። ከዚያ 10 ብር ይሰጣታል፣ ወይም «እግዜር ይስጥሽ» ተብላ ትወርዳለች። ሚኒባሱ ሳይነሳ ያው ሰውዬ ስልኩን ያወጣና፣ ማኅተም የሌለበትን ፖስተር አይቶ፣ «ጀግና!» ብሎ ጽፎ፣ 500 ብር በቴሌብር ይልካል።