ውሻው በአንድ ሌሊት ሲሞት

በጅግጅጋ አቅራቢያ፣ በካራማራ ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች፣ ጅብ ሲያባርር ያመሸ ውሻ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ ከሰዉ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «መርዝ» ነው። ጎረቤት ይጠረጠራል። ባለፈው ሳምንት «ይሄ ውሻችሁ እንቅልፍ ነሳን» ብሎ ያማረረ ሰው ስሙ ይነሳል። ባለቤቱ ጎረቤቱን ባይጠረጥር ደግሞ ራሱን ይከሳል፤ ትናንት የጣለለት ሥጋ ትዝ ይለዋል። በድኑ ግን በምን እንደሞተ ሳይጣራ እየተጎተተ ከሰፈር ውጭ ይጣላል።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት። በድንገት የሞተ ውሻ የሞተበት ምክንያት ሊጣራለት ይገባል። ባለቤቱ ሐዘኑን የሚወጣውም፣ ቤተሰቡና ከብቱ ከአደጋ የሚድኑትም ይህ ሲሆን ነው።

መርዝን መጠርጠር መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን መግደል በአገራችን ከተሞች የኖረ አሠራር ነው። ነገር ግን ውሻን በአንድና በሁለት ቀን የሚገድለው መርዝ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያም አለ። በፋፋን ዞን፣ ከጅግጅጋ እስከ ቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው ከብት አርቢ አገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው አባ ሰንጋ ነው።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ከእንስሳው ሰውነት ወጥቶ አየር ሲያገኝ ስፖር የሚባል ጠንካራ ልባስ ያለው ቅርጽ ይይዛል። ይህ ስፖር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጅላል በሚባለው ደረቅ ወቅት ሣሩ ሲያልቅ ከብት አፍንጫውን ከመሬት አስጠግቶ ሥር ድረስ ይግጣል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎርፉ የተቀበረውን ወደ ላይ ያወጣል። ትናንት ደህና የነበረች ላም በሰዓታት ውስጥ ትወድቃለች። ከአፍንጫዋና ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈሳል። እረኛው ሳይደርስ ውሻው ይደርሳል፣ ይበላል። ውሻ ከከብት ይልቅ በሽታውን የመቋቋም አቅም ስላለው በልቶ ምንም የማይሆን ብዙ ነው። የጸናበት ግን አንገቱና ጉሮሮው ያብጣል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ወይ ትንፋሽ አጥሮት ወይ ደሙ ተመርዞ ይሞታል።

ስለዚህ በእረኛ ቤት የውሻ ድንገተኛ ሞት ለከብቱም መልእክት ነው። በታንዛኒያ ሰሬንጌቲ ተመራማሪዎች የጅቦችን፣ የአንበሶችንና በአካባቢው ያሉ የቤት ውሾችን ደም መርምረው በሽታው የት የት እንደሚዘዋወር ተከታትለዋል። ሥጋ በሊታ እንስሳ የሞተውን ሁሉ ስለሚቀምስ፣ ሰው ያላየውን ወረርሽኝ ደሙ ይናገራል። አንገቱ አብጦ የሞተ የፋፋን ውሻ ለማን ይናገር? በድኑ ለጅብ ተጥሎ ሲዘነጣጠል ባክቴሪያው አየር ያገኛል፤ አፈሩ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይበከላል። በሩሲያ ያማል እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነው የዚህን ክፋት ያሳያል። ለረጅም ዘመን ረግቶ የኖረ በረዷማ አፈር በሙቀት ሲቀልጥ አባ ሰንጋ ተነሥቶ ከ2 ሺህ በላይ አጋዘኖችን ጨረሰ፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅም ገደለ። በአገራችንም በዋግ ኽምራና በትግራይ የታመመ ከብት ያረዱና ሥጋውን የበሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ታመዋል።

በከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ባክቴሪያ አለ። ሌፕቶስፓይሮሲስ ከአይጥ ሽንት ወደ ታቆረ ውሃ፣ ከውሃው ወደ ውሻ ይሻገራል፤ ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የሚያስመልሰው፣ ሽንቱ የቆመ ውሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህም በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ሐዘኑስ? አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ማኅበረሰብ እውቅና ስለማይሰጠው ሐዘን ጽፏል፦ ለቅሶ የማይደረስበት፣ ፈቃድ የማይጠየቅበት፣ «አይዞህ» የማይባልበት ሐዘን። የውሻ ሞት ከዚህ ዓይነቱ ነው። «ውሻ ነው እኮ፣ ሌላ ታመጣለህ» ይባላል። ተናጋሪው ክፋት የለውም፤ ሰሚው ግን ከዚያ በኋላ አፉን ይዘጋል። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት በረቱን የጠበቀለትን፣ ልጁን እስከ ውሃ መቅጃ የሸኘለትን እንስሳ ማጣቱን ለማንም አይናገርም።

ጅግጅጋ ላይ ዝምታው ሌላም ምክንያት አለው። አብዛኛው ሶማሌ በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ ስለዚህ ለውሻ ማልቀስ የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ያው ሃይማኖት ለጥበቃና ለእረኝነት ውሻ መያዝን ይፈቅዳል። ሱረቱል ካህፍ ላይ የዋሻው ሰዎች ውሻ ከእነርሱ ጋር ተጠቅሷል። የተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱም በሐዲስ ይታወቃል። ንጽሕናን መጠበቅና ለፍጡር ማዘን አይጋጩም። በረቱን ለጠበቀ ውሻ ማዘን ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ከሐዘኑ ሁሉ የሚከብደው ግን ጸጸቱ ነው። «ማታ ምግቡን እምቢ ሲል ለምን አልጠረጠርኩም?» የሚል ሰው በምን እንደሞተበት ካልተነገረው ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይሸከማል። ፔኒሲሊን አባ ሰንጋን የሚረዳው በጊዜ ከተጀመረ ነው፤ በሽታው ደግሞ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ይህን አንድ ባለሙያ ፊት ለፊት ሲነግረው ሰው ይቀለዋል። የተጠረጠረው ጎረቤትም ከሐሜት ይድናል።

ማጣራቱ ሩቅ አገር መሄድን አይጠይቅም። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን ፈጽሞ አይከፈትም፣ ቆዳውም አይገፈፍም። ባለሙያው ጓንት አድርጎ ካበጠው አንገት ጥቂት ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል፣ በመስተዋት ላይ በስሱ ይቀባል፣ ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ቀለም ይነክረዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰማያዊ ዘንጎች ሮዝ መልክ ባለው ሽፋን ተከብበው ከተገኙ የሞቱ ምክንያት ታወቀ ማለት ነው። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና ከስዊዘርላንዱ የትሮፒካል ጤና ተቋም ጋር ሆኖም የሰውንና የእንስሳን ጤና አንድ ላይ የሚያይ ሥራ ሠርቷል። እውቀቱ ከተማው ውስጥ አለ። የጎደለው ጠዋት ውሻው የሞተበት ሰው የሚሄድበት በር ነው።

እስከዚያው ቤተሰቡ የሚያደርገው አለ። በድኑን በባዶ እጅ አይንካ፤ ሌሎች ውሾች አይድረሱበት፤ ሁለት ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ቆዳው ላይ የማያምም ጥቁር ቁስል የወጣበት ሰው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ውሻው ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ ወይም ሰው ነክሶ ከነበረ ግን ነገሩ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የተነከሰው ሰው ቁስል ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ክትባቱም አይዘግይ። ልጆችንም «ጠፋ» ብሎ ማታለል አይገባም። «ጠፋ» ተብሎ የተነገረው ልጅ ውሻውን በየመንገዱ ሲፈልግ ይከርማል፤ እውነቱን የሰማ ልጅ ግን ውሻው ልሶት እንደነበር፣ የወደቀ ላም አብረው አይተው እንደነበር ይናገራል። ይህ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ውሻውን ከአባ ሰንጋ የሚያድነው የከብቱ ክትባት ነው። ላሟ ካልወደቀች ውሻው የሚበላው በድን የለም። ክትባቱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ አገር ያመርታል፤ ከብት በዓመት አንድ ጊዜ ይወጋል። የፋፋን ዞን የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ክትባት ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ለየወረዳው ማድረስ፣ በድንገት ለሞተ ውሻ ናሙና በነፃ መቀበልና ለባለቤቱ ውጤቱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። የጅግጅጋ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የእንስሳት በድን የሚቀበርበት፣ ጅብ የማይገባበት የታጠረ ቦታ ይከልል።