ከግዝቱ ማግሥት

የአማርኛ ልብ ወለድ ፍቅርን ወደ መቃብር ማድረስን ዐውቆበታል፤ ከመቃብር አፋፍ መልሶ ጎጆ ማግባትን ግን ገና አልለመደም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ጆሮውን የሰጠው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ከዓባይ ማዶ ከጎጃም ምድር የበቀለ ስለ ሆነ፣ ከዓባይ ወዲህ ላለነው ለወግዲና ለመካነ ሰላም ሰዎች እንደ ጎረቤት ለቅሶ ይቀርበናል፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ ግርማውን ያገኘው ከሞት ነውና፣ ከእርሱ በኋላ የተነሣ ብዙ ደራሲ ፍቅርን ለማክበር ሬሳ ማውጣት ግድ መሰለው። እኔ የምመኘው ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም ቤቱን በመጠጥ አፍርሶ የሄደ ሰው ከሱሱ አገግሞ ሲመለስ፣ ቀድሞ የወደደችው ሴት በሩን ትክፈትለት ወይስ አትክፈትለት እያለች የምታወጣ የምታወርደውን የሚተርክ ነው።

በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖአል። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚሰናከሉበት ነገር ወዳጅቱን መድኃኒት ማድረጋቸው ነው። በፍቅሯ ዳነ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ይጣፍጣል፤ በገሃዱ ዓለም ግን ሸክሙን ሁሉ በእርሷ ጫንቃ ላይ ይጥላል፤ ሰውየው መልሶ የጠጣ እንደ ሆነ ፍቅሯ ስላነሰ ነው ማለት ይመጣልና።

በእኛ አገር ለወደቀ ሰው ሁለተኛ ዕድል የመስጠት ሥርዐት ከልብ ወለድ በፊት በሽምግልና ተደንግጎ የኖረ ነው። ባል አረቄ ሲያዘወትር፣ መጀመሪያ አህያውን፣ ቀጥሎም በሬውን ሸጦ፣ በመጨረሻም እጁን ሲያነሣ፣ ሚስት ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ቄሱም ሼኹም ባሉበት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ባልየው ድንጋይ ተሸክሞ ማሩኝ ይላል፤ የንስሐ አባቱ ዳግመኛ እንዳይቀምስ ይገዝቱታል፣ እስላም ቢሆን በቁርአን ይምላል፤ ሴቲቱም ሰው በተሰበሰበበት እንቢ ማለት ነውር ስለሚሆንባት ነጠላዋን አጣፍታ ትመለሳለች። የሽማግሌዎችን ደግነት አልነቅፍም፤ ስንቱን ደም አድርቀዋል። ይሁን እንጂ እነርሱ ሥራቸውን በአንድ ቀን ፈጽመው፣ መርቀው ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ የግዝቱ ፈተና ገና በማግሥቱ ይጀምራል፤ ማኅበር አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሰርግ አለ፣ ደቦ አለ፤ በክርስቲያኑ ቤት ጠላ ሳይቀዳ የሚፈጸም ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ጽዋውን ያልተቀበለም ሰው ወይ ታሞአል፣ ወይ ቂም ይዞአል፣ ወይ ኮርቶአል ይባላል እንጂ ራሱን እያዳነ ነው የሚለው የለም። እኔ ደራሲ ብሆን ምዕራፍ አንድን የምጀምረው ከዚያ ማግሥት ነበር።

ባለታሪኳንም የሀብታም ልጅ አላደርጋትም፤ አረቄ የምታወጣ ሴት አደርጋታለሁ። በትንንሽ ከተሞቻችን ከባሏ የተለየች፣ መሬት የሌላት ሴት ልጅ የምታሳድግበት መተዳደሪያ ብዙ ጊዜ ይኸው ነውና፤ ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ፣ ድፍድፉን ጠንስሳ፣ ዐይኗ በጢስ እየቀላ ጠብ ጠብ የሚለውን ታጠራቅማለች፤ ተራውን አረቄ እንደገና አውጥታ ዳግም ስታደርገው ደግሞ ከመቶው እጅ ወደ 45 የሚጠጋው አልኮል ይሆናል። እንግዲህ ያገገመው ባል የሚመለሰው ወደዚህ ቤት ነው፤ እርሱን የሚገድለው ጠርሙስ ልጁን የሚያስተምረው ጠርሙስ ነው። ትተወው ቢባል በምን ትኑር? አትተወው ቢባል እርሱ ወዴት ይግባ? ይህን ቋጠሮ በመሳም ብቻ የሚፈታ ደራሲ ካለ መጽሐፉን አልገዛውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወግዶ መልካም አድርጎአል፤ የወግዲ አረቄ ግን ዱሮም ቢሆን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላሻውም።

ስለ ሥጋውም ነገር ደራሲው ይጠንቀቅ። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አጥብቆ የጠጣ ሰው በድንገት ያቋረጠ እንደ ሆነ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ስለዚህ ጋኔን ያዘው ብሎ ከማሰር አስቀድሞ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል የሚያደርሰው አንድ ዘመድ በታሪኩ ውስጥ ቢኖር ጠበሉን አያረክሰውም።

የመመለስን መንገድ ርዝመት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ቤተ ክርስቲያናችን ሚያዝያ 6 ቀን የምታስባት ግብፃዊቷ ማርያም፣ ዮርዳኖስን ተሻግራ በምድረ በዳ 47 ዓመት ስትጋደል፣ የቀድሞው ፍትወትና የወይን ጠጅ ናፍቆት 17 ዓመት ሙሉ እንዳልለቀቃት ለአባ ዞሲማስ ነግራዋለች፤ የገድል ጸሐፊ እንኳ ይህን ሳይሸሽግ ከጻፈ፣ ባለታሪኩን በሦስት ወር ፈውሶ ለሙሽርነት የሚያቀርብ ልብ ወለድ ጸሐፊ ምን ምክንያት ይሰጣል? ከባሕር ማዶም ምስክር ቢያስፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ በአክሮን ከተማ ከሐኪሙ ከቦብ ስሚዝ ጋር የጠጪዎችን መረዳጃ ማኅበር የመሠረተው ቢል ዊልሰን አለ። ሚስቱ ሎይስ የስካሩን ዘመን ሁሉ ታግሣ ከኖረች በኋላ፣ እርሱ መጠጡን ትቶ አንድ ቀን ወደ ጉባኤው እንሂድ ቢላት ጫማ አንሥታ ወረወረችበት፤ እርሷ ስትደክምለት የኖረችውን መዳን ሌሎች ሰዎች ስለ ሰጡት በገዛ ቤቷ ባይተዋር ሆና ነበርና። ከዚያ ቁጣ የተማረችውን ይዛ እ.ኤ.አ. በ1951 ከወዳጇ ጋር የጠጪዎችን ቤተ ሰቦች ማኅበር አቋቋመች። ያቺ የተወረወረች ጫማ ለፍቅር ልብ ወለድ ከስንት ደብዳቤና ከስንት እንባ ትበልጣለች።

ሰባኪ ወዳጄ ነቢዩ ሆሴዕ የከዳችውን ሚስቱን በ15 ብርና በገብስ መመለሱን ይጠቅስልኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሆሴዕን ያዘዘው እግዚአብሔር ነው እንጂ የመንደር ሽማግሌ አይደለም። ሴቲቱ እንቢ ማለት የማትችልበት ታሪክ ስለ ዕርቅ ሊነግረን ይችላል፣ ስለ ፍቅር ግን አይነግረንም። ስለዚህ በመካነ ሰላም ግቢ የምትማሩ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ብዕር የምትሞክሩ ሁሉ፣ ይህን መጽሐፍ ጻፉልን፤ ከመጻፋችሁም በፊት ከአንዲት አረቄ ከምታወጣ ሴት ዘንድ ተቀምጣችሁ፣ ያ ሰው ነገ ቢመለስ ምን እንደምታደርግ ጠይቋት።