ሰዓሊውን አሳደው ስልቱን ወረሱ!

“እነዚያ ጠፍጣፋ የ1950ዎቹ ካርቱኖች እኮ የገንዘብ እጥረት የወለዳቸው ናቸው” የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ግድግዳና ወለሉ አይለይ፣ ሰውየው በጥቂት መስመር ተሠርቶ ያለቀ፤ ስለዚህ ስንፍና ነው ይሉናል። ኧረ ለመሆኑ ፊልሞቹን አይተዋቸዋል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1941 የዋልት ዲዝኒ ሰዓሊዎች ማኅበራችን ይታወቅልን ብለው ሥራ አቆሙ። በዚያ ዘመን ከዲዝኒ የወጡ ሰዎች ናቸው በኋላ ዩፒኤ የተባለውን ስቱዲዮ ያቋቋሙት። ካርቱን የጥንቸል ፀጉር እየቆጠረ እውነተኛውን ዓለም ሲገለብጥ መኖር የለበትም፤ እንደ ማቲስና እንደ ፒካሶ ሥዕል፣ እንደ ጥሩ ፖስተር፣ በመስመርና በቀለም ይናገር አሉ።

በ1950 የወጣውን “ጄራልድ ማክቦይንግ ቦይንግ” ተመልከቱ። በቃል ፈንታ እንደ “ቦይንግ!” ያለ ድምፅ ብቻ የሚወጣው ሕፃን ነው። ትምህርት ቤት አይቀበለው፣ አባቱ ይቆጣዋል። በሌሊት ከቤቱ ሲሸሽ ዙሪያው ሁሉ ይጨልማል። ቀለሙ የዕቃው ሳይሆን የልጁ ሐዘን ነው። ይኼ ስንፍና ከሆነ፣ ስንፍናው ኦስካር አሸልሟል!

ጥቂት ሥዕል ወጪ አይቀንስም አልልም፤ ይቀንሳል። በኋላ የመጡ የቴሌቪዥን ነጋዴዎች ርካሽነቱን ወስደው ሐሳቡን ጣሉት። የእነሱን ዕዳ ግን በዩፒኤ ላይ አትጫኑ።

ታዲያ የፈጠሩት ሰዎች ምን ገጠማቸው? በ1947 ዲዝኒ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ከዩፒኤ መሥራቾች አንዱን ዴቪድ ሂልበርማንን ስሙን ጠርቶ በኮሚኒስትነት ወነጀለው። ማስረጃው ምን ነበር? ሃይማኖት የለውም፣ ሞስኮ ቲያትር ቤት ቆይቷል! ወይ ማስረጃ! በ1952 ደግሞ ጆን ሀብሊን የሚያህል ዳይሬክተር በዚሁ የኮሚኒስት አደን ከዩፒኤ ተገፍቶ ወጣ።

በዓመቱ፣ በ1953፣ ዲዝኒ “ቱት፣ ዊስል፣ ፕላንክ ኤንድ ቡም” የሚል ካርቱን አወጣ። ጠፍጣፋ! ማዕዘናም! ቁርጥ የዩፒኤ ስልት! ኦስካርም ወሰደበት። ማሩን እየላሱ ንቡን ማሳደድ ማለት ይኼ ነው።

ጉልበተኛ እንዲህ ነው። አዲስ ነገር የሚያስበውን ሰው “ጠላት” ብሎ ያባርራል፤ ሐሳቡን ግን ለራሱ ያስቀራል።

ስለዚህ “የድሃ ካርቱን” የምትሉ ሁሉ፣ ድሃው ማን እንደሆነ እስቲ አስቡ። ባለሐሳቡን አባርሮ ሐሳቡን ከመልበስ የባሰ ድህነት እኔ አላውቅም።