ቁርጥማትና የገበሬው ጉልበት

በአዴትና በአካባቢው ገጠር የጤፍ አረም በሚታረምባቸው በነሐሴና በመስከረም ወራት የቤተሰቡ ጉልበት በሙሉ ማሳ ላይ ይውላል። ጤፍ የሚታረመው በረጠበ መሬት ላይ ጎንበስ ተብሎ ወይም ተንበርክኮ፣ በእጅ እየተነቀለ ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍለት፣ ጣቱ የማይጨብጥለት ሰው በዚህ ወቅት ከሥራ ውጭ ይሆናል። የአገሩ ሰው ሕመሙን በጥቅሉ «ቁርጥማት» ይለዋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም ብዙውን ጊዜ «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ይህ አነጋገር ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል። እርፍ መጨበጥ ያልቻለ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮም የምርቱ ግማሽ ከጎተራው ይቀራል። በሬ ያለው ቤት እንኳ የሚጠምደው ሰው ሲያጣ ወይ በሬውን ይሸጣል፣ አለዚያም ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ወንፈል ብድሩ በጉልበት የሚመለስ፣ ደቦም ድግስ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ አቅም ያጣ ቤት ከሁለቱም ቀስ በቀስ ይወጣል። የሴቷ ደግሞ ይብሳል። ቡሆ ማቡካቱ፣ እንጀራ መጋገሩ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሃ በጀርባ ተሸክሞ ከምንጭ መመለሱ ሁሉ የጣትና የጉልበት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሥራዋ እንደ ሥራ ስለማይቆጠር ሕመሟም አይቆጠርም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ቁርጥማት የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት በዕድሜና በሸክም ብዛት ሲያልቅ የሚመጣው የጉልበትና የዳሌ ሕመም አንዱ ነው፤ ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። ሪህ የሚባለው በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚነሣ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በሌሊት ያሳብጣል። ሦስተኛው ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት ነው። ይህኛው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ የሁለቱንም እጆች ትንንሽ አንጓዎች ይይዛል፤ ጧት ሲነሡ ጣት ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ አልታዘዝ ይላል። ብርድ ያመጣው በሽታ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አንጓው ላይ ሲነሣ የሚደርስ ጉዳት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከታወቀ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚወሰድና የደም ምርመራ ክትትል በሚያስፈልገው ሜቶትሬክሴት በሚባል መድኃኒት ሊገታ ይችላል። ከተጣመመ በኋላ ግን ጣቱን የሚያቀና ክኒን የለም።

እነዚህ ወራት በፍለጋ ይባክናሉ። በሽተኛው አስቀድሞ በቅቤ ይታሻል፣ ዋግምት ያስደርጋል፣ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ከዚያም ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል ወይም በደራ ወረዳ ወደሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ይጓዛል። የሙቅ ውሃ ጥቅም የሚናቅ አይደለም፤ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሣል። በእምነቱ የሚጠመቀውንም ሰው ጠበሉን ተው የሚለው የለም፤ ጠበሉና መድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉና። ይልቅስ የሚያሳስበው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ ለዓመታት የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ሲደጋገሙ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

ሕክምናው የራቀ መሆኑም አይካድም። ከአዴት እስከ ባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለገጠሩ ሰው ግን አስቀድሞ እስከ አዴት ያለው የእግር መንገድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህንኑ መንገድ ይበልጥ አርቆታል። በ2003 ዓ.ም. በደቡብ አቸፈርና በሌሎች ጥቂት ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምናን ወጪ ቢያቀልም፣ የመጓጓዣውና የስንቁ ወጪ በበሽተኛው ላይ ይወድቃል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞች አስቀምጧል፤ ሲጀመር ትኩረቱ በእናቶች፣ በሕፃናትና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። «ጧት ጣትሽ ለስንት ጊዜ ይደርቃል?» ብሎ መጠየቅ ግን መሣሪያም ገንዘብም አይፈልግም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም መላክ ያለባትን ሴት ለመለየት ይረዳል።

ከሁሉም ጊዜ የማይሰጠው የልጆች ቁርጥማት ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንጓ ወደ አንጓ የሚዘዋወር እብጠት ሲይዘው፣ አንጓው ይድናል፤ የልቡ ቫልቭ ግን ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኅብረት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት መግለጫ፣ ለዚህ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት እንዳይቋረጥ ጠይቋል። መርፌው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት የሚወጋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ የሚያጣ ልጅ በአንድ ክረምት ብቻ ሦስት አራት መርፌ ሊያመልጠው ይችላል።