የባሌ ፈረሰኛ በጌሙ ውስጥ አገር የለውም

ሲቪላይዜሽን የተባለውን የኮምፒውተር ጌም የሚወዱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሲጠብቁት የነበረውን አገኙ። የጌሙ ስድስተኛ ዕትም ኢትዮጵያን ጨመረ። መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ልዩ ግንባታዋ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ልዩ ጦሯ ደግሞ የኦሮሞ ፈረሰኛ ሆነ። ይህ ፈረሰኛ አቀበት አያግደውም፤ የሌሎች ሕዝቦች ፈረስ ኮረብታ ላይ ሲጓተት እሱ በሜዳው ፍጥነት ያልፋል፤ ከሌላው ጦርም አርቆ ያያል። በባሌ ከጎባ ወደ ሰነቴ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ፣ በዲንሾ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ በፈረስ የሚያልፍ ገበሬ ያየ ሰው፣ ይህን ጦር የነደፈው ባለሙያ አንድ እውነት እንደጨበጠ አይጠራጠርም።

ጌሙን ለማያውቁ ባጭሩ ይነገር። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ወይም መንግሥት ይመርጣል፤ ከጥንት ጀምሮ ከተማ እየቆረቆረ፣ እየነገደ፣ እየተዋጋ፣ እየተመራመረ እስከ ጠፈር ዘመን ያደርሰዋል። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ስጦታ አለው፤ በዚያ ስጦታም ይወደዳል ወይም ይጠላል። ኢትዮጵያን የሚመርጥ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ሌላ አይመርጥም። በሽንፈትም በድልም ከእሷ ጋር ነው። ስለዚህም ነው የአሠራሯ ጉድለት ከሌላው ሰው ይልቅ እሱን የሚያንገበግበው።

ጉድለቱ ይህ ነው፦ ዓለም አቀፎቹ የስትራቴጂ ጌሞች ኢትዮጵያን ሁልጊዜ ከአንድ ማዕዘን ብቻ ይሠሯታል። ድንጋይ፣ ተራራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓድዋ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ማንም እንዲወጡ አይጠይቅም። ነገር ግን ባሌን የመሰለ አገር፣ የራሱ ሡልጣኔት፣ የራሱ ቅዱስ ስፍራ፣ የራሱ የአስተዳደር ሥርዓት የነበረው ምድር፣ ወደ ጌሙ የሚገባው በአንድ ወታደር መልክ ብቻ ነው። ያውም ወታደሩ መንደር የለውም፣ ዘመኑም ተምታቷል።

የዘመኑን ነገር ከመጀመሪያው እንየው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የአራተኛው ዕትም ማስፋፊያ ኢትዮጵያን የሚመራው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ልዩ ጦሩም የኦሮሞ ተዋጊ። ይህ ተዋጊ ፈረስ የለውም። በእግሩ የሚሄድ ባለጠመንጃ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የነገሠው ከ1434 እስከ 1468 ሲሆን፣ አባ ባሕርይ በ1593 በጻፉት የኦሮሞ ታሪክ መሠረት ኦሮሞዎች ገላናን ተሻግረው ባሌ የደረሱት በመልባህ ሉባ (በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ከሚፈራረቁት ትውልዶች በአንዱ) ዘመን፣ ከ1522 እስከ 1530 ባለው ጊዜ ነው። በንጉሡና በጦሩ መካከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ክፍተት አለ። ጠመንጃው ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

ስድስተኛው ዕትም ፈረሱን መለሰለት፤ ይህ መሻሻል ነው። ነገር ግን ጦሩን በመካከለኛው ዘመን አስቀመጠው። አባ ባሕርይ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ የጀመረው የመስሌ ሉባ እንደሆነ ይነግሩናል፤ ይህም ከ1554 እስከ 1562 ነው። በጌሙ የዘመን አከፋፈል የኦሮሞ ፈረሰኛ የሚገባው ቀጥሎ ባለው ዘመን ውስጥ ነበር።

የሚያስቆጨው፣ በመካከለኛው ዘመን ባሌ ፈረሰኛ አልነበራትም ማለት አለመሆኑ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ ከዘይላዕና ከአካባቢዋ ሰዎች ወሬ ይሰበስብ የነበረው አል ዑመሪ፣ ሰባት የእስላም መንግሥታትን ይዘረዝራል፤ ይፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሻርካ፣ ባሌ፣ ዳራ። የባሌን ጦር ሲገልጽ 18,000 ፈረሰኛ ይላል፤ እግረኛውን ሳይጨምር። ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው አገሩን በዓይኑ አላየም። ቢሆንም ካይሮ ድረስ የተሰማው የባሌ ዝና የፈረስ ዝና መሆኑ አያጠራጥርም። እንግዲህ የጌሙ ባለሙያዎች የመካከለኛው ዘመን የደጋ ፈረሰኛ ሲፈልጉ በእጃቸው የነበረው የባሌ ሡልጣኔት ነበር። የኋላውን ሕዝብ ስም ወስደው በፊተኛው ዘመን ለጠፉት፤ የፊተኛውን ጨርሶ ዘለሉት። ሁለቱም ተጎዱ።

ከዚያ ደግሞ የመሪው ጉዳይ ይመጣል። የኦሮሞ ፈረሰኞች በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፈው ጣልያንን ወግተዋል፤ ይህ ታሪክ የሚያኮራ ነው። የአርሲ ኦሮሞዎች ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በፈረስና በጦር የዚያኑ የምኒልክን ሠራዊት ለረጅም ጊዜ ተቋቁመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1886 አዙሌ ላይ በጠመንጃ ኃይል እስኪሸነፉ ድረስ። የባሌ ሕዝብም አብዛኛው አርሲ ነው። ሮቤ ላይ ተቀምጦ ይህን ጌም የሚጫወት ወጣት ሁለቱንም ታሪክ ከአያቶቹ ሰምቷል። ጌሙ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በፈረሰኛው ላይ አንድ ገጽ ማብራሪያ፣ አንድ የታሪክ ምዕራፍ፣ ወይም ከምኒልክ ሌላ አንድ አማራጭ መሪ ቢጨመር ነገሩ ይስተካከል ነበር። አምስተኛው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲሰጥም ስጦታዋን የዓድዋ መንፈስ ብሎ ነው የሰየመው፤ ባሌ ግን ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ በመሩት የገበሬዎች አመፅ የዚያኑ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ስትታገል ነበር።

ተመሳሳይ ነገር በሌላው የስትራቴጂ ጌም፣ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስም ይታያል። ሁለተኛው ዕትም በ2015 በአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያው ኢትዮጵያን ሲያስገባ የቀስተኞች አገር አደረጋት። ልዩ ጦሯ ሾተል የያዘ እግረኛ ነው፤ ከባድ ፈረሰኞቿ የመጨረሻውን ማዕረግ አያገኙም። የዮዲት ዘመቻ ግን አምስት ምዕራፍ ተሰጥቶት በፍቅር ተሠርቷል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። በ2021 ሦስተኛው ዕትም ኢትዮጵያን ሲጨምር ይበልጥ ሀብታም አደረጋት፦ የተራራ ገዳም፣ የሴባስቶፖል መድፍ፣ ነፍጠኛ፣ የኦሮሞ ተዋጊ በፈረስ። በዚህ ጌም ተጫዋቹ ከጦርነቱ በፊት 25 ካርዶች መርጦ ያዘጋጃል፤ በጨዋታው መሐል ካርድ በጣለ ቁጥር ከእናት ከተማው ስንቅ፣ ጦር ወይም ዕውቀት ይላክለታል። የኢትዮጵያ እናት ከተማ ጎንደር ናት። ነፍጠኛውና የኦሮሞ ተዋጊው ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ በባሌና በአርሲ መሬት ተሰጥቶት ገባር የተመደበለት ሰፋሪ ወታደርና መሬቱን ያጣው ባላገር ማለት ነው። ጌሙ ስለዚህ ምንም አይልም።

ካርድ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ዓይነት ቅሬታ አሳምረው ያውቁታል። በ1993 የወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በ1996 ሚራጅ በሚባለው ስብስቡ አፍሪካን የሚመስል ምድር ፈጠረ፤ ዛልፊር የሚባል መንግሥትም ነበረው። ብዙዎች ወደዱት። ከዚያ የጌሙ ታሪክ ዛልፊርን ከዓለም ሰወረው፤ የተመለሰው በ2023 ነው። የወደዱት ወገን ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲሰወር ዝም ብለው የጠበቁት ተጫዋቾች ንዴት ከኢትዮጵያ ወዳዶች ንዴት ጋር ወንድማማች ነው። ልዩነቱ፣ ዛልፊር ልብ ወለድ ነው፤ ባሌ ግን አለች፤ ሕዝቧም ይጫወታል።

ጌም ታሪክ የማስተማር ግዴታ የለበትም፣ ለአንድ አገር ሁለት ሦስት ምልክት መርጦ መሥራት አለበት የሚል መልስ ይሰጣል። ምክንያቱ እውነትነት አለው፤ ሁሉን የሚያስገባ ጌም ሊጫወቱት አይቻልም። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ሲፈልጉ እንደሚያስተካክሉ አሳይተዋል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት «ሕንዶች» ብሎ በአንድ ጠቅልሎት የነበረውን ወገን በ2022 ለያይቶ ሂንዱስታኒ፣ ቤንጋሊ፣ ድራቪድያንና ጉርጃራ አደረገው። ሦስተኛው ዕትም በ2020 ሲታደስ ሱና ኢሮኳ ይባሉ የነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላኮታና ሆደኖሾኒ ተብለው ራሳቸው በሚጠሩበት ስም ተጠሩ፤ ከሕዝቦቹ የመጡ አማካሪዎችም ተሳተፉ። ሁሉም እንዲህ አልተደረገለትም፤ በ2018 የክሪ ሕዝብ መሪ ፓውንድሜከር በሲቪላይዜሽን ስድስት ውስጥ ሲገባ፣ የዚያው ማኅበረሰብ አንድ አለቃ አቀራረቡን በይፋ ተቃውመዋል። ለላኮታና ለሆደኖሾኒ የተደረገው ለኢትዮጵያም ሊደረግ ይችላል።

ምን ሊደረግ እንደሚችል ለማየት ከባሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሲቪላይዜሽን ስድስት ኢትዮጵያ ሃይማኖታዊ ኃይል በከፊል የምታገኘው ከተራራና ከኮረብታ አጠገብ ከተሠራው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ምኒልክም ኮረብታ ላይ በተቆረቆሩ ከተሞች ይጠቀማል፣ ኮረብታ ላይ ሲዋጋም ይበረታል። በዚህ ቀመር ሶፍ ዑመር ዋጋ የለውም። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ ቆላው ውስጥ የኖራ ድንጋዩን ሰንጥቆ የሠራው ዋሻ ርዝመቱ 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በውስጡ ዓምድ የመሰሉ ድንጋዮች የቆሙባቸው ሰፋፊ አዳራሾች አሉ። በአፈ ታሪክ ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር የተጠለሉበት፣ እስካሁንም ምእመናን የሚሄዱበት ስፍራ ነው። ሲቪላይዜሽን በአምስተኛውም በስድስተኛውም ዕትም ኪሊማንጃሮን የተፈጥሮ ድንቅ አድርጎ አስገብቷል። ሶፍ ዑመር ወንዝ፣ ዋሻና ሃይማኖት በአንድ ላይ የሚገኙበት በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነት ጌም ከተራራ የተሻለ ሐሳብ ይሰጣል፤ ከተማህን ወንዙ የሚገባበት ላይ ትሠራለህ ወይስ የሚወጣበት ላይ?

በባሌ የድሬ ሼህ ሁሴን ቅዱስ ስፍራም አለ። ባላ ምርኩዝ ይዘው ከሩቅ አገር በእግር የሚጓዙት ዘያሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ተጫዋቹ የፈለገውን ሃይማኖት መምረጥ ይችላል ይባል ይሆናል፤ ይችላል፣ ግን ልዩ ግንባታው ያው አንድ ነው። የዘያራ መንገድ የንግድ መንገድም ስለሆነ፣ ከየከተማው ሰው በሄደ ቁጥር ሃይማኖትና ሀብት አብረው የሚያድጉበት ሥርዓት መንደፍ ከባድ አይሆንም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የኦሮሞ ገዳ። ዩኔስኮ በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ሉባ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። በተራ የሚካሄድ ጌም ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? በየስምንት ተራው አዲስ ሉባ ሲመጣ ሕግ ይታደሳል፣ የጦር ዓላማ ይለወጣል፣ ያለፈው ሉባ ልምድ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። አባ ባሕርይ ታሪኩን የጻፉት በሉባ እየቆጠሩ ነው፤ ማለትም የጌሙ ተራ አከፋፈል ከ430 ዓመት በፊት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ይህን ያህል ሀብት ትቶ የኦሮሞን ሕዝብ አንድ የጦር ዓይነት ብቻ ማድረግ ስንፍና ነው።

ከውጭዎቹ ባልተናነሰ የአገር ውስጡም ተጠያቂ ነው። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ነው ያለው። የባሌን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሥራውን በመደርደሪያ ከመተው ይልቅ አንድ የጌም ንድፍ ባለሙያ በአንድ ቀን አንብቦ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ፣ በካርታና በሥዕል፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ቢያወጣው ብዙ ይቀየራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን ብዙ ሥዕል ተሠርቷል፤ ስለ ባሌ ሡልጣኔት ግን ልጅ የሚያየው አንድ ሥዕል ማግኘት ያስቸግራል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉንና ገበጣን በስልክ አምጥቶ የአገር ጨዋታ እንደሚሸጥ አሳይቷል። ቀጣዩ የባሌ ፈረሰኛ ከዚያ ዓይነት ቤት ቢወጣ አያስደንቅም።

ሲቪላይዜሽን ሰባት በየካቲት 2025 ሲወጣ አክሱም በመጀመሪያው ዘመን ውስጥ ገባ፤ ሐውልቱ፣ ታንኳው፣ የቀይ ባሕር ንግዱ ሁሉ አለ። ዕትሙ በወጣበት ጊዜ ተጫዋቹ ዘመን ሲለወጥ ሕዝብ ይለውጥ ነበር። ያኔ የአክሱም ተጫዋች ወደሚቀጥለው ዘመን ሲሻገር የሚጠብቀው የአፍሪካ ምርጫ ሶንጋይ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ኒጀር ወንዝ ላይ። ከዚያ ቡጋንዳ። ዛግዌ የለም፣ አዳል የለም፣ ጎንደር የለም፣ ባሌም የለም። ኩባንያው ፋይራክሲስ ለዚህ ዕትም አዳዲስ ሕዝቦችን በየጊዜው እየሸጠ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አሁን ቢቀርብ ጊዜው አላለፈም፦ በሁለተኛው ዘመን ከኢትዮጵያ ምድር አንድ ወገን ይግባ፤ ፈረሰኛው የመጣበት አገር በስሙ ይጻፍለት፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ከሮቤ፣ ከጎባና ከጊኒር ሰው ይጠየቅ።