የቴሌቪዥን አጋፋሪ ማን ነው?

በቀድሞ ዘመን በታላላቆች ቤት ግብር ሲገባ በበሩ ላይ አጋፋሪ ይቆም ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፥ ማን ቆይቶ እንደሚጠራ፥ ማንስ ከደጅ እንደሚመለስ የሚለየው እርሱ ነው። እንጀራውን አልጋገረም፤ ጠጁንም አልጣለም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ፈቃድ ከማዕዱ የሚደርስ የለም። ዛሬ በቤታችንና በሻይ ቤቱ ከቴሌቪዥን ፊት ስንቀመጥ፥ እንዲህ ያለ አጋፋሪ እንዳለ የምናስብ ስንቶቻችን ነን? ተዋናዩን በስሙ እንጠራዋለን፤ ዜና አንባቢዋንም በመልኳ እናውቃታለን። የትኛው ትርኢት በስንት ሰዓት ይታይ፥ የትኛውስ ይቅር ብሎ የሚወስነውን የፕሮግራም ኃላፊ ግን የሚያውቀው የለም። እኔ ከሁሉ ይልቅ ሥልጣን ያለው እርሱ ነው እላለሁ።

በዚህ ሥራ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ በ1937 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተወለደው ፍሬድ ሲልቨርማን ነበር። ተማሪ ሳለ የማስተርስ ዲግሪ ጽሑፉን ያዘጋጀው፥ አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት በዐሥር ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙን እንዴት እንደ ደለደለ በመመርመር ነው። ኋላም ሲ.ቢ.ኤስ፥ ኤ.ቢ.ሲና ኤን.ቢ.ሲ የተባሉትን የአሜሪካን ታላላቅ ድርጅቶች ፕሮግራም በየተራ መራ። በ1977 በኤ.ቢ.ሲ ሳለ፥ በባርነት ስለ ተወሰደ አንድ አፍሪካዊና ስለ ዘሮቹ የሚተርከው «ሩትስ» በየሳምንቱ ሳይሆን በስምንት ተከታታይ ምሽቶች እንዲታይ ተደረገ። ሕዝቡም ያን ሳምንት ስለ ባርነት ታሪክ ሲነጋገር ሰነበተ። እነሆ፥ የሰዓት ድልድል ይህን ያህል ኃይል አለው።

ይኸው ሰው ግን በሲ.ቢ.ኤስ ሳለ፥ በ1970ና በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር ሰዎች የሚናገሩ ብዙ ትርኢቶች ሲሰረዙ ከአለቃው ጋር እጁ ነበረበት። የተሰረዙትም ተመልካች አጥተው አይደለም፤ ከመካከላቸው እጅግ የሚወደዱ ነበሩ። ነገር ግን ማስታወቂያ የሚያወጡት ነጋዴዎች የሚፈልጉት የከተማውን ወጣት ገዥ ነበር። ስለዚህ ባላገሩ ቢያይም እንደ ተመልካች አልተቆጠረም።

ይህ ነገር እኛን የላይ አርማጭሆ ልጆች ሊያሳስበን ይገባል። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን፤ ከየቀበሌው ስንቅ ተሸክመን መጥተን በትክል ድንጋይ ቤት ተከራይተን እንማራለን። እኛስ በየትኛው አጋፋሪ ዘንድ እንቆጠር ይሆን?

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር፥ ለሕፃናት ጊዜ ይሰጥ ዘንድ የተጉ ሰው ነበሩ፤ ይኸውም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት እኚህ አባት ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነግረው የብዙ ትውልድ አያት ሆነዋል። ሕፃን የሚገዛው ነገር የለም፤ ቢሆንም ተቆጠረ። በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር የቱርክንና የሌላ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ። የአገር ውስጥ ከያንያን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ግን ወደደው። የኢስታንቡልን ሰፈር በዓይናችን ለመድንና የገዛ ወረዳችንን ታሪክ ከአያቶቻችን ሳንጠይቅ እንመሻለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ያልወደደ ያጥፋው፤ ሕዝቡ የመረጠውን ማሳየት ምን ነውር አለው?» ይላሉ። የባዕድ ድራማ ማየት ነውር ነው አልልም። በድምፅ ሥራውም ብዙ የአገር ልጆች እንጀራ አግኝተዋል። ነገር ግን ሰው የሚመርጠው ከቀረበለት ውስጥ ነው። በመሶቡ ላይ ያልቀረበውን ወጥ «አልወደዱትም» ማለት ፍርድ አይሆንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራውን ከቅርብ እንጀምረው። ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አላቸው። በዕረፍት ሰዓት የሚሰማውን የሚመርጥ ተማሪ ትንሽ ሲልቨርማን ነው። ከዘፈኑ ጋር አንድ ቀን የአርማጭሆ ሽማግሌ ያወሩትን፥ አንድ ቀን የሳይንስ ጥያቄ፥ አንድ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ተማሪ የጻፈችውን ብናሰማ፥ ማንን መቁጠር እንዳለብን እንለማመዳለን። መምህራን ሆይ፥ ይህን ምርጫ ለእኛ እየተዋችሁ አርሙን። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንድትሆን መመኘታችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን «የፕሮግራም ኃላፊ እሆናለሁ» ብትላችሁ አትሳቁባት። ያልዘሩት አይበቅልምና፥ ከእኛ መካከል በበሩ የሚቆም ካልተገኘ ታሪካችን ከደጅ እንደ ቆመ ይኖራል።